አንድ ያደረግኋቸው ሁለት ካርዶች

ያን ሥራ የተቀበልኩት ወድጄው ሳይሆን ከቤት መውጣት ስለነበረብኝ ነው። ኮሌጅ ጨርሼ አምቦ እናቴ ቤት ከተመለስኩ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በዚያን ጊዜ በእኛ ከተማ ኮምፒውተር የተማረ ሰው አንድም የሠርግ ጥሪና ማመልከቻ የሚጻፍበት ሱቅ ይቀመጣል፣ አንድም በየቢሮው እየዞረ ቫይረስ ያጸዳል። ሁለቱንም ሠርቻለሁ። ጠዋት ያጸዳሁትን ማሽን ከሰዓት በኋላ አንዱ ፍላሹን ይሰካበትና በማግስቱ እንደገና እጠራለሁ። ስሄድም ቫይረሱን ያመጣሁት እኔ የሆንኩ ያህል ነበር የሚያዩኝ።

የጠራኝ ከአምቦ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ የሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ጤና ጣቢያዋ አንድ ብቻ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ ይታወቃል። ኃላፊው ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ስድስት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ተሰጥተውት፣ አንድ ክፍል ውስጥ በአንሶላ ተሸፍነው ሁለት ክረምት አሳልፈው ነበር። የሚፈልገውን በደንብ ያውቃል። ሕመምተኛው ጎህ ሲቀድ መጥቶ ካርዱ እስኪወጣለት ግማሽ ቀን ይሰለፋል፤ ካርዱ ሲጠፋ አዲስ ይከፈትለታል፤ በዚህ ዓይነት አንድ ሰው ሦስትና አራት ካርድ ይኖረዋል።

«የሰው ስም ሲጠራ ካርዱ የት እንዳለ የሚነግረኝ ነገር ሥራልኝ» አለኝ።

እሠራለሁ አልኩት። ያኔ የሚያቅተኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህር ሊኑክስ የሚባል፣ በዊንዶውስ ቦታ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ ፕሮግራም ያለበት ሲዲ ሰጥቶኝ ነበር። በነጻ ነው፣ በየፍላሹ የሚዞረው ቫይረስ አይነካውም፣ ያረጀ ማሽን ላይም ይሠራል። ስድስቱም ላይ ልጭነው ሞከርኩ። አራቱ ተነሱ፤ ሁለቱን ለመለዋወጫ ፈታኋቸው። እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ችግሩ የመጣው ጤና ጣቢያው ውስጥ ኢንተርኔት ባለመኖሩ ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ስትጭን ሌላ ፕሮግራም አምጣ ይልሃል፤ ያንን ስታመጣ ያ ደግሞ በተራው ሌላ ይጠይቃል። ኢንተርኔት ያለው ሰው ይህን አያውቀውም፤ ማሽኑ ራሱ ሄዶ ያመጣለታል። እኔ ግን የጎደለውን ነገር ስም ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ሚኒባስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ በፍላሽ አወርዳለሁ፤ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለም አድርጌ እመለሳለሁ። ስመለስ ያመጣሁት ነገር አንድ የረሳሁትን ይጠይቀኛል። በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ የተመላለስኩበት ጊዜ ነበር። አንድ የሚኒባስ ረዳት ነጋዴ መስዬው ምን እንደምነግድ ጠየቀኝ፤ ምን እንደምመልስለት ግራ ገባኝና ጨርቅ አልኩት።

ከዚያ ደግሞ ፊደሉ መጣ። አማርኛ ስጽፍ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ባዶ ሳጥን ብቻ ነበር፤ ለእሱም አዲስ አበባ ሄድኩ። ቀጥሎ የዘመን አቆጣጠሩ ነበር። ማሽኑ ዓመት አሥራ ሁለት ወር መሆኑን እንጂ ጳጉሜን የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም። ቀኑን የሚቀይር ኮድ ራሴ ጻፍኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ስህተት ነበረበትና ጳጉሜን አንድ ቀን ጠዋት ፕሮግራሙ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ብሎ ሰው አልመዘግብም አለ። ያን ሳምንት ሁሉ በእጅ ተጻፈ። መስከረም ሲጠባ የማንም ፊት ሳላይ ቁጭ ብዬ አረምኩት።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነው ግን ከሁሉም ይብስ ነበር። ድንገት ጠፍቶ ሲመጣ ማሽኑ ወዲያው ሥራ አይጀምርም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ቁጥር እየቆጠረ ዲስኩን ይመረምራል። ሰልፉ በመስኮቱ በኩል አንገቱን አስግጎ ያያል። አንድ ቀን የቲቢ ክፍሉ ነርስ፣ ታጋሽ ሰው ነው፣ አጠገቤ ቆሞ አብሮኝ ቁጥሩን ያይ ነበር።

«ተበላሸ?» አለኝ።

«አልተበላሸም፤ እየመረመረ ነው።»

«ማንን?»

«ራሱን።»

ነርሱ ሰልፉን አየ፣ ስክሪኑን አየና «እሱስ ተራ አልጠበቀም» ብሎ ወደ ክፍሉ ሄደ።

ካርድ ክፍሉን ከደርግ ጊዜ ጀምሮ የያዙት አንዲት ሴት ነበሩ። እኔ አዴ እላቸው ነበር፤ በእኛ በኩል ለትልቅ ሴት አክብሮት እንዲህ ነው የምንለው። እሳቸው ደግሞ ደስ ሲላቸው ኢልመ ኮ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ሲከፋቸው «አንተ ሰውዬ» ይሉኝ ነበር። ጴንጤ ናቸው፤ ካርድ ሲፈልጉ መዝሙር በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። መዝሙሩ ከተቋረጠ ካርዱ ተገኝቷል ማለት ነው። ከመደርደሪያው በታች ያሉት የቆዩ ካርዶች ላይ የአድራሻው ቦታ ሀገረ ሕይወት ይላል፤ ከላይ ያሉት አምቦ ይላሉ። ፕሮግራሜ ሁለት የተለያዩ ከተሞች አድርጎ ሲቆጥራቸው ለሦስት ቀን ምክንያቱ ጠፍቶኝ ነበር። ሀገረ ሕይወት የአምቦ የድሮ ስም መሆኑን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ሳቁብኝና የአባትህን የልደት ወረቀት አይተህ አታውቅም ወይ አሉኝ።

አዴ አንድ ደብተር ነበራቸው። መድኃኒት የሚወስዱ ሕመምተኞች ቀናቸው አልፎ ሳይመጡ ሲቀሩ ስማቸውን በእርሳስ እዚያ ላይ ይጽፋሉ። አርብ አርብ ደብተሩን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያነቡላቸዋል፤ ሠራተኞቹም ገጠር ወርደው ሰውየውን ይፈልጉታል። ፕሮግራሜ ይህን ሥራ እንዲሠራ አደረግሁት። አርብ ጠዋት ቀኑ አልፎት ያልመጣውን ሰው ሁሉ ስም ከነወረዳው ያትማል። ኃላፊው ደብተሩ ከእንግዲህ አያስፈልግም አላቸው። አዴ መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

አሁን ወደ ስሞቹ ልምጣ። የድሮዎቹ ካርዶች በአማርኛ ፊደል የተጻፉ ናቸው፤ ከሥርዓቱ ለውጥ በኋላ የመጡት ብዙዎቹ በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት በላቲኑ ፊደል። ያው አንድ ሰው ሁለቱም ጋ ይገኛል። በአማርኛውም ቢሆን አንዱ ጸሐፊ በሀሌታው ሀ የጻፈውን ሌላው በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፤ ለማሽን ሁለቱ ሁለት ሰው ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም ወደ አንድ የሚያመጣ ኮድ ጻፍኩ። ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደሎች ያጣምራል፣ የቁቤውን ስም ወደ አማርኛ ፊደል ይገለብጣል፣ ከዚያ ስም፣ የአባት ስምና ወረዳ አንድ ከሆነ፣ ዕድሜም ከተቀራረበ፣ ካርዶቹ የአንድ ሰው ናቸው ይላል። ቀበሌን አውጥቼ ጣልኩት፤ ቀበሌዎቹ በየጊዜው ሲቀላቀሉና ቁጥራቸው ሲለወጥ ስለነበር የሚያሳስት እንጂ የሚረዳ አልመሰለኝም። በዚያ ኮድ እኮራ ነበር። እናቴን እንኳ ቁጭ አድርጌ አስረድቻታለሁ፤ ጎበዝ አለችኝ።

መጀመሪያ ፕሮግራሙ ካርዶቹን ዝም ብሎ አይቀላቅልም ነበር፤ «እነዚህ አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው መዝጋቢም ሕመምተኛውን አነጋግራ ትመልሳለች። ግን ጥያቄው ሲበዛ ሰልፉ ቆመ። ከኮምፒውተሩ በፊት የነበረው ሰልፍ ይሻል ነበር የሚሉ ሰዎች መጡ። ኃላፊው ቢሮው ጠርቶ ይህን ጥያቄ ማስቀረት አትችልም ወይ አለኝ። አልችልም ማለት ነበረብኝ፤ ወይም ጥቂት ቀን ስጠኝና ላስብበት። እችላለሁ አልኩት። ያንኑ ቀን አነሳሁት። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ተቃለለ። ከወረዳ ሰዎች መጥተው አዩ፤ ከሌላ ከተማ ጤና ጣቢያም መጥተው አዩ፤ ኃላፊው እየጠራ አስተዋወቀኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ይመስለኛል አዴ ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ያቺ ቲቢ የያዛት የደንዲ ወረዳዋ ልጅ ከመኸር ወዲህ አላየኋትም» አሉኝ።

ስሟን ጻፍኩና ከፈትኩት። ከስምንት ቀን በፊት መጥታለች ይላል። ከዚያ በፊት በነበረው ወርም መጥታለች። ስክሪኑን ወደ እሳቸው አዞርኩላቸው።

«መጥታለች፤ ይኸው።»

«ካርድ የማወጣው እኔ ነኝ። አላየኋትም።»

«አዴ፣ እርስዎ ባልነበሩበት ቀን መጥታ ይሆናላ።»

ስክሪኑን ትንሽ አዩትና ተመልሰው ገቡ። መዝሙሩን ግን አልጀመሩትም። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነበር፤ ፕሪንተሩ ወረቀት እየነከሰ ነበር። የአሮጊት መርሳት ነው ብዬ ማሰቤን ዛሬም አስታውሳለሁ፤ አሮጊትም አልነበሩም፤ መርሳትም አያውቁም።

የካቲት አጋማሽ ላይ አዋላጇ ነርስ ተቆጥታ መጣች። አንዲት ነፍሰ ጡር ለክትትል መጥታ ስሟ ሲከፈት የቲቢ መድኃኒት ትወስዳለች ይላል። ሴትዮዋ ግን በሕይወቷ ቲቢ የሚባል ነገር ነክቷት አያውቅም፤ ጭራሽ ማን ነው እንዲህ ያለብኝ ብላ አልቅሳለች። ነፍሰ ጡሯ ከበር ቆማ ነበር፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። አዴ ወጡ። አዩዋትና በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጧት፤ ደህና ነሽ፣ እንዴት ነሽ፣ ሰዎችሽ እንዴት ናቸው። ከዚያ ስሟን ጠየቋት። ነገረቻቸው።

አዴ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰማህ?»

ምን እንደምሰማ አላወቅሁም። ስሙ ስክሪኑ ላይ ያለው ስም ነው።

«የዛሬዋ እንዲህ ናት» ብለው የነፍሰ ጡሯን ስም ደገሙት። «ያቺኛዋ ደግሞ እንዲህ።» ሌላኛውን ስም ቀስ ብለው ተናገሩት።

ያኔ ሰማሁት። በኦሮምኛ ሁለት ደ አለ፤ አንዱ የአማርኛው ደ ነው፤ ሌላው ምላስ ወደ ውስጥ የሚስበው ነው። ይህኛው በቁቤ በሁለት ሆሄ ይጻፋል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም በደ ይጽፋቸዋል፤ እኔም ኮዴ ውስጥ ሁለቱን አንድ አድርጌአቸዋለሁ። ቋንቋውን አላውቅም እንዳልል አምቦ ተወልጄ ያደግሁት ከሰፈር ልጆች ጋር በእሱ እየተጣላሁ፣ በእሱ እየተጫወትኩ ነው። ስናገር ሁለቱን አምታትቼ አላውቅም። ስጽፍ ግን አጣመርኳቸው፤ ሰው ከሰው ይምታታል ብዬ እንኳ ለአፍታ አላሰብኩም።

የሆነው ቀስ እያለ ገባኝ። ቲቢ የያዛት ሴት መድኃኒቷን ጥቂት ወራት ወስዳ ቀርታለች። በስም የምትመሳሰላት ነፍሰ ጡር ግን በየወሩ ለክትትል ትመጣለች። ሁለቱን ፕሮግራሜ አንድ ሰው ስላደረጋቸው፣ ነፍሰ ጡሯ በመጣች ቁጥር የቀረችዋ መጥታለች ተብሎ ተመዘገበ። አርብ አርብ በሚታተመው ዝርዝር ላይ ስሟ አንድም ቀን አልወጣም። ማንም አልፈለጋትም።

የቲቢ ክፍሉን ነርስ ጠራሁትና ነገርኩት። ከዚያ የአክታ መያዣ እቃ ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝና እሱ ክፍሉን ዘግቶ መሄድ እንደማይችል፣ ነገ ጠዋት ሰው መሄድ እንዳለበት ነገረኝ። አዴ እኔ እሄዳለሁ አሉ። ጉልበታቸው ያማቸው ነበርና ኃላፊው ይቅርብዎ አላቸው። ቤቷን የማውቀው እኔ ነኝ ብለው ቦርሳቸውን አነሱ።

በማግስቱ ሁለታችን ጊንጪ ድረስ በሚኒባስ፣ ከዚያ መንገዱ እስከሚፈቅደው በፈረስ ጋሪ ሄድን፤ የቀረውን በእግር። ደረቅ ወቅት ነው፤ የደንዲ ሜዳ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ አቧራው ከእግር ሥር ይነሳል። አዴ በየመቶ እርምጃው ይቆማሉ፤ ጉልበታቸውን ይይዛሉ፤ እንቀጥል ይላሉ። መንገድ ላይ ያገኘነውን ሰው ሁሉ ሰላም ይላሉ። እኔ ግን ቦርሳቸውን ልያዝ ብላቸው አልሰጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሴትዮዋን ያገኘናት ደጇ ላይ ተቀምጣ ምስር ስትለቅም ነው። ከሃያ አምስት ብዙም የምታልፍ አልመሰለኝም። አንዲት ትንሽ ልጅ ጉልበቷን ተደግፋ ትጫወታለች። አዴን ስታይ ተነሳች፤ እጃቸውን ሳመች፤ ሳቀች፤ ከዚያ ሳል ያዛት። ሳሉ እስኪለቃት ቆመን ጠበቅን። ትከሻዋ በልብሷ ውስጥ ይታይ ነበር። እርጎ አመጣችልን። እኔ ጣሳውን ይዤ ቆየሁ እንጂ አልጠጣሁትም።

አዴ ለምን እንደቀረች ጠየቋት። መጀመሪያ ሳሉ ስለተዋትና ክብደቷም ስለተመለሰ ደህና ሆኛለሁ ብላ እንደነበር፣ መኸር ሲደርስ ደግሞ እህሉን ትቶ የሚሄድ ሰው እንዳልነበረ ነገረቻቸው። አንድ ወር ዘለለች። ጎረቤቷ የሆነ ሰውዬ አምና መድኃኒቱን ሲያቋርጥ በሁለተኛው ሳምንት ወረቀት ይዘው መጥተው እቤቱ ድረስ ፈልገውት፣ በሰው ፊት አፍሮ ተመልሷል። እሷም ይመጣሉ ብላ ጠበቀች።

«ማንም አልመጣም» አለች። «ካልፈለጉኝማ ጨርሻለሁ ማለት ነው አልኩ።»

አዴ ወደ እኔ አዩ። እንድናገር ነው ወይስ ዝም እንድል አላወቅሁም። በኦሮምኛ ነገርኳት። ስሞቹን የምመዘግበው እኔ እንደሆንኩ፣ የአንቺንና የአንዲት ሌላ ሴት ስም አንድ አድርጌ እንደጻፍኩ፣ እሷ ስትመጣ አንቺ የመጣሽ እንደመሰለን፣ ስለዚህ እንዳልፈለግንሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳት። እየሰማችኝ እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አደረገቻት።

«ያቺኛዋስ ደህና ናት?» አለችኝ።

ደህና ናት አልኳት። ነፍሰ ጡር መሆኗን ነገርኳት። በሰላም ይገላግላት አለችና ምስሩን ሰፌዱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ መቼ ልምጣ ብላ አዴን ጠየቀቻቸው።

አክታዋ ሲመረመር በሽታው ተመልሷል። ካቋረጠ በኋላ የተመለሰበት ሰው እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው፤ ለዚያውም በየቀኑ መርፌ ተጨምሮ። ለዚህ ከተማዋ ውስጥ አንዲት የአጎቷ ልጅ ቤት መጥታ ተቀመጠች። ሕፃኗ ተመርምራ የመከላከያ መድኃኒት ተሰጣት፤ አልያዛትም። ሴትዮዋን በየጠዋቱ ሰልፉ ላይ አያት ነበር። መጀመሪያ ሰላም ትለኛለች። በሁለተኛው ወር ስጠራት የማትዞር ሆነች። ነርሱን ጆሮዬ ውስጥ ንብ ገባ ብላዋለች። መርፌው እንዲህ ያደርጋል፤ ሁሉንም አይደለም፣ አንዳንዱን ሰው። መርፌው ቆሞ ሌላ መድኃኒት ሲለወጥላት አንዱ ጆሮዋ ሄዶ ነበር፤ ሌላውም ግማሽ ነው። ሳንባዋ ዳነ። መዝገቡ ላይ ድናለች ተብሎ ተጻፈ፤ ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ማንም አልጠየቀኝም። ኃላፊው ማሽን ይሳሳታል አለ። ማሽኑ አይደለም፣ የሠራሁት እኔ ነኝ አልኩት። እንግዲያው ሪፖርት ጻፍ አለኝ። ግማሽ ገጽ የሚሆን ጻፍኩ፤ «አንድ ሰው ናቸው?» የሚለውን ጥያቄ ለምን እንዳስቀረሁት ግን አልጻፍኩም፤ እሱም አላነሳውም። ፋይል ውስጥ ገባ።

ኮዱን ማረም ሩብ ሰዓት አልፈጀም። አንዲት መስመር ነበረች። ያስቀረሁትንም ጥያቄ ወደ ፕሮግራሙ መለስኩት፤ ሰልፉም እንደገና ረዘመ። የተቀላቀሉትን ካርዶች መለየት ግን ለፕሮግራም የሚሆን ሥራ አልነበረም። ከጠበቅሁት በላይ ብዙ ነበሩ። አዴና እኔ ከሰዓት በኋላ፣ ሰልፉ ሲያልቅ፣ ካርዶቹን መሬት ላይ እየዘረጋን እስከ ግንቦት ድረስ ለየናቸው። እሳቸው ስሙን ጮክ ብለው ያነባሉ፤ የየትኛው ቤት ሰው እንደሆነ ያስታውሳሉ፤ እኔ እጽፋለሁ። ሌላ ሰው እንዲህ ተጎድቶ እንዳይሆን እየፈራሁ ነበር እያንዳንዱን የማነሳው። እንደ እሷ ያለ አልተገኘም። አንድ አዛውንት ሁለት ጊዜ ሞተው ተመዝግበው አገኘናቸው፤ በሳምንቱ ራሳቸው ለዓይናቸው መጡ። አዴ በዚያ ሳቁ፤ ከየካቲት ወዲህ መጀመሪያ የሳቁት ይመስለኛል።

አንድ ቀን ካርድ እያቀበሉኝ፣ ያን ዕለት ስነግርህ ለምን አልሰማኸኝም አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ማወቅ ፈልገው ነው። ስክሪኑ ላይ ስለነበረ ነው አልኳቸው። እኔስ አጠገብህ አልነበርኩም አሉ። ቀጣዩን ካርድ አነበቡልኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠራሁ። የድሮው ጉጉት አልተመለሰም። አንድ መስመር እጽፍና ደጋግሜ አነበዋለሁ፤ እሰርዘዋለሁ፤ ነርሱን፣ አዋላጇን፣ አዴን እየዞርኩ እጠይቃለሁ። ሥራዬ ዘገየ። ኃላፊው ደከመህ ወይ አለኝ። እውነቱን ነው፤ ደክሞኝ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ፣ ዲስኩ ሲመረመር፣ ሰው በመስኮቱ ሲያየኝ፣ ድሮ የሚያናድደኝ ሁሉ አሁን ዝም ብሎ ይከብደኝ ጀመር።

አዴ ጡረታ ሲወጡ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ለስላሳና ዳቦ ቀርቦ ተሸኙ። በዚያው ዓመት ከበላይ አካል ሌላ ፕሮግራም መጣ፤ አዳዲስ ማሽኖችም አብረውት መጡ። ሥልጠናው አንድ ሳምንት ነበር። በመጨረሻው ቀን አሠልጣኙን፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ሰው ነበር፣ ወደ ጎን ጠርቼ ስለ ሁለቱ ደ ነገርኩት። ስሞቹን ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ልዩነቱን እንዳልሰማው ፊቱ ላይ አየሁ፤ ሆኖም ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ለሚመለከታቸው አነሳለሁ አለኝ። አንስቶት ይሁን አላውቅም። የእኔን አራት ማሽኖች መጋዘን አስገባኋቸውና ቁልፉን አስረክቤ ወደ አምቦ ተመለስኩ፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ይፈልጉ ነበር።

ሴትዮዋን ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ አግኝቻታለሁ። ጊንጪ ገበያ ላይ ሽንኩርት ትሸጥ ነበር። ወፍራለች፤ ልጅቷ አድጋ አጠገቧ ቆማለች። ሳላያት አልፌአት ነበር፤ ጮክ ብላ ጠራችኝ፤ የማይሰማ ሰው በሚጮኽበት ድምፅ፤ ሰው ሁሉ ዞረ። ሄድኩና ጎንበስ ብዬ በሚሰማው ጆሮዋ በኩል ሰላም አልኳት። እናቴን ጠየቀችኝ፤ አዴን ጠየቀችኝ። አዴ ጡረታ ወጥተዋል፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል አልኳት። አልሰማችኝም መሰለኝ፤ ልጇ ደገመችላት። ከዚያ ሽንኩርት በፌስታል ሞልታ ሰጠችኝ። አይሆንም ብዬ ብዙ ተከራከርኩ፤ እሷ ግን የምለውን አትሰማም፤ ወይም አልሰማም አለች። ፌስታሉን ይዤ ወደ መናኸሪያው ወረድኩ። የአምቦው ሚኒባስ ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት ነበር፤ መስኮት ያለበት ወንበር አገኘሁ፤ ጊንጪን ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰደኝ።